ወይዘሪት ፊቷን እስክታዞር

ዳኛ የሞተ ዕለት የቀሰቀሰኝ የበረኪና ሽታ ነው። ወጥቼ ሳይ የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ በግቢው በር አጠገብ ያለውን መጋዘን ወለል በውኃ ይለቀልቃል።

«ደኅና አደርሽ እታለም» አለኝ ቀና ሳይል። «አልቋል። ሁሉንም ጨርሻለሁ። አንቺ ምንም እንዳታዪ ብዬ ነው።»

ዳኛ አህያችን ነበር። ስሙን ያወጣለት ባለቤቴ ነው፤ ፊቱ የቆመን ሰው ሁሉ ሊፈርድበት እንደተሰየመ አድርጎ ትኩር ብሎ ስለሚያይ። ጓደኛው ደግሞ ወይዘሪት ናት፤ ጭቃ ላለመርገጥ እግሯን መርጣ ስለምታነሣ ያንን ስም አገኘች። ዳኛ ከጋሪው ዘንግ በስተቀኝ፣ ወይዘሪት በስተግራ ሆነው ከችግኝ ማፍያችን ወደ ከተማ ችግኝ ሲያመላልሱ ነው ዕድሜያቸውን የጨረሱት። ባለቤቴ መኪና ከገዛም በኋላ አልሸጣቸውም። «ጡረታ ወጥተዋል» ይል ነበር። እሱ ካረፈ ወዲህ እኔ በግቢው ውስጥ አፈርና ውኃ አስጎትታቸዋለሁ፤ ሥራ ፈትቶ የሚያረጅ እንስሳ ደስ አይለኝም። ሰውም እንዲሁ።

በዋዜማው ምሽት ዳኛ ሆዱን ታሞ መንከባለል ሲጀምር ከወይዘሪት ለይተን ወደ መጋዘኑ አመጣነው። ሐኪም ስናፈላልግ መሸ። ሲነጋጋ ሞቶ አገኘው ወንድምየው፤ እኔን ሳይቀሰቅስ በመኪናው ጎትቶ ወሰደውና ወለሉን አጠበ።

«የት አደረግኸው?»

«ከጥዶቹ ጀርባ። ሸራ አልብሼዋለሁ። ማዘጋጃ ቤት ደውያለሁ፤ ነገ መኪና ይልካሉ።»

«ወይዘሪትስ?»

«እሷ ምን ታውቃለች?» አለና መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደገፈ። «ደግሞ የአህያ ባል ከጅብ አያስጥል። ሌላ ባልደረባ እንፈልግላታለን።»

አመሰገንኩት። ከልቤ ነው። ይህ ሰው ደግነቱ የሚሮጥ ነው። በቤተሰቡ ውስጥ «ቶሎቶሎ» ይሉታል፤ «ቶሎ ቶሎ ቤት፣ ግድግዳው ሰንበሌጥ» ከሚለው ተረት ነው ያወጡለት። ትኩስ ሻይ በአንድ ትንፋሽ ይጠጣል፤ ሰው ሊነግረው የጀመረውን ወሬ እሱ ይጨርሳል። ከባድ ነገር ሲመጣ ደግሞ ከሌሎቻችን ቀድሞ ገብቶ፣ አጣጥፎ፣ አንሥቶ ይወጣል።

ባለቤቴም የሞተ ጊዜ ሁሉን የጨረሰው እሱ ነው። ባለቤቴ ከዝናብ በኋላ ችግኝ ጭኖ ሲሄድ መኪናው ተገለበጠ። ቶሎቶሎ ወደ ተወሰደበት ሆስፒታል ብቻውን ሄዶ አስከሬኑን ይዞ ተመለሰ። ሳጥኑ ተዘግቶ ነው የመጣው። «አትዪው እታለም» አለኝ። «እንደነበረ አስቢው።» ሁሉም «እውነቱን ነው» አሉ። እኔም እሺ አልኩ፤ ለአማቴ ስል ጠንክሬ መቆም ነበረብኝ፤ ቆምኩ። ሰዎች «እንዴት ያለች ብርቱ ሴት» ሲሉ እሰማ ነበር።

ነገር ግን እንደነበረ ማሰብ አልቻልኩም። ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩኝ ስለ ዕፅዋት ነው፤ ያላየሁትን ነገር አየሁ እንዳልል ተደርጌ ነው የተገራሁት። ያላየሁትን ፊት ግን ባዶ ልተወው አልሆነልኝም። ስንትና ስንት ዓይነት ፊት ሰጠሁት፤ አንዱ ካንዱ የባሰ። ከዚያ ደግሞ የግቢው በር ሲጢጥ ሲል እሱ የመጣ እየመሰለኝ ቀና እላለሁ። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ዳኛ የሞተ ዕለት ወይዘሪትን ፈትቼ ስለቅቃት ቀጥ ብላ ወደ መጋዘኑ ሄደች። ወለሉን አሸተተች፤ በረኪናው አስነጠሳት። ግድግዳውን አሸተተች። ከዚያ በር ላይ ቆማ ጮኸች፤ ጩኸቷን ስትጨርስ ጆሮዋን አቁማ መልስ ጠበቀች። መልስ የለም። ወደ ጋሪው ሄዳ ከዘንጉ በስተግራ ቆመች። ፉርሽካ አቀረብኩላት፤ አፍንጫዋን ነክራ አወጣችው። ድርቆሽ ጨመርኩ፤ አላየችውም። ካሮት ከእጄ ተቀብላ ጥቂት ይዛው ቆየችና ከአፏ ወደቀ።

አማቴ እማማ በጽጌረዳዎቿ መሐል ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ታየን ነበር። እነዚያ ጽጌረዳዎች የሚሸጡ አይደሉም፤ የእሷ ናቸው። ዱላዋ ከወንበሩ አጠገብ አይጠፋም። ቶሎቶሎ «የእማማን ጽጌረዳ ንብ እንኳ ደጅ ጠንታ ነው የምትቀምሰው» ይላል።

«አልበላችም?» አለችኝ።

«ትበላለች እማማ። ትንሽ ጊዜ ነው።»

«ትንሽ ጊዜ» አለችና ወደ ወይዘሪት አየች። እማማ ልጇ ከሞተ ጀምሮ እንቅልፍ የላትም። ቀን ወንበሯ ላይ ዓይኗን ከፍታ ትውላለች፤ «ጋደም በዪ» ሲሏት «ገና ነው» ትላለች። ምኑ ገና እንደሆነ ጠይቀናት አናውቅም።

በማግሥቱም ወይዘሪት አልበላችም። ድምጿ ጎርንኖ፣ ጩኸቷ መሐል ላይ እየተቆረጠ ነበር። የእንስሳት ሐኪሟ ረፋዱ ላይ በሞተር ብስክሌት ደረሰች፤ ረጅም የጎማ ጫማ ያጠለቀች ወጣት ሴት ናት። ትናንት ሩቅ ቦታ ላም ስታዋልድ እንደዋለች ነግራ ይቅርታ ጠየቀችኝ። ከዚያ የወይዘሪትን ከንፈር ገልብጣ ድዷን አየች፤ ማዳመጫውን ሆዷ ላይ አስጠግታ ዓይኗን ጨፈነች።

«ሕመም አላገኘሁባትም» አለች። «ግን አህያ እንደ ላም አይደለችም። መብላት ስታቆም የራሷ ስብ ወደ ደሟ ይፈስሳል፤ ጉበቷ አይችለውም። ቶሎ ካልበላች፣ እውነቱን ልንገርዎት፣ መድኃኒቴም ዋስትና አይሆናትም።» ማዳመጫውን አንገቷ ላይ አደረገች። «ጓደኛዋ ሲሞት አጠገቡ ነበረች?»

«ለይተናት ነበር» አልኩ።

«ከሞተስ በኋላ? አሳያችኋት?»

«ምኑን?» አለ ቶሎቶሎ።

«ሬሳውን።»

ቶሎቶሎ ወደ እኔ አየ። እኔ የውኃውን ባልዲ አየሁ። «እንዳታይ ብዬ ነው ያነሣሁት» አለ። «እንዳትደነግጥ።»

«እንግዲያው መሞቱን አታውቅም» አለች ሐኪሟ፣ ስለ አየር ጠባይ እንደምታወራ ሁሉ። «ወጥቶ የቀረ ነው የሚመስላት። እየፈለገችው ነው፤ ገና አላዘነችም። እኛ አብረው ከኖሩ አህዮች አንዱ ሲሞት ሬሳውን አናነሣም። ሌላዋ አሽታው፣ ዞራው፣ በቃኝ ብላ ራሷ ፊቷን እስክታዞር እንተዋለን። አንዳንዷ ወዲያው ትዞራለች፤ አንዳንዷ ስትቆም ትውላለች። ከዚያ በኋላ ብዙዎቹ ይበላሉ።»

«ብዙዎቹ» አልኩ።

«ሁሉም ብዬ አልዋሽዎትም።»

ባልዲውን አንሥቼ ንጹሑን ውኃ ደፋሁና እንደገና ቀዳሁ። ለምን እንዳደረግሁት አላውቅም። «ገና አላዘነችም» የሚለው ቃል ጆሮዬ ውስጥ ቀርቶ ነበር።

«አሁን ማሳየት ይቻላል?» አልኩ።

«አየሩ ቀዝቃዛ ነው፤ ይቻላል። ካለ።»

«አለ» አለ ቶሎቶሎ፤ «ግን መኪናው መንገድ ላይ ነው። አሁን ደውለውልኛል። ትናንት ሙሉ ቀን ለምኜ ያገኘሁት መኪና ነው እታለም፤ ዛሬ ከሄደ መቼ እንደሚመለስ እነሱም አያውቁም።»

«እንቀድመዋለን።»

ጠጋ ብሎ ድምፁን ቀነሰ። «አንቺም ታዪዋለሽ እኮ።»

«አየዋለሁ» አልኩት።

ወይዘሪትን በልጓሟ ይዤ በችግኝ መደቦቹ መሐል ወሰድኳት። መንገዱ ሰፊ ነው፤ እሷ ግን የግራውን ጠርዝ ይዛ ነው የሄደችው፤ በቀኟ የአንድ አህያ ስፋት ያለው ቦታ ትታ። እኔም ከኋላዋ ሆንኩ እንጂ በዚያ ቦታ አልገባሁም። ጥዶቹ ጋ ስንደርስ ቶሎቶሎ ሸራውን ገፈፈው።

ዳኛ ሲሞት አንሷል። የታችኛው ከንፈሩ ትንሽ ወርዶ፣ ፍርዱን ሰጥቶ ከወንበሩ የተነሣ ዳኛ ይመስላል። የምፈራው ነገር አልነበረበትም። ምን እንደፈራሁ ግን ራሴን አልጠየቅሁም።

ወይዘሪት ከሩቁ ቆመች። ጆሮዎቿ ወደ ፊት ተተከሉ። ልጓሙን ለቀቅሁት። እግሯን እየመረጠች ተጠጋች፤ በአፍንጫዋ እፍ አለችበት። አፉን አሸተተች፤ ዓይኑን፤ የጋሪው ማነቆ ፀጉሩን የላጨበትን ትከሻውን። ከዚያ ጋማውን በጥርሷ ይዛ ሳብ አደረገችው፤ ጠዋት ጠዋት ስታስነሣው የምታደርገውን ነው። አልተነሣም። በፊት እግሯ ትከሻውን መታ መታ አደረገችው። አልተነሣም። አንገቷን ዘርግታ ጮኸች፤ ይህኛው ጩኸት ከትናንቱ ይለያል፤ ስትጨርስ መልስ አልጠበቀችም። ራሷን ከእሱ በላይ አንጠልጥላ ቆመች።

ሐኪሟ ራቅ ብላ አንድ ጥድ ተደግፋ ቆመች። እኔ የተገለበጠ የፕላስቲክ ሣጥን ላይ ተቀመጥኩ።

ወዲያው የመኪናው ጥሩምባ ከበሩ በኩል ተሰማ። አንዴ፣ እንደገና አንዴ። ቶሎቶሎ ብድግ አለ፤ እኔም እንግዲህ ነገሩ አለቀ አልኩ በልቤ። ይህ ሰው በዕድሜው መኪና አስጠብቆ አያውቅም። ወይዘሪትን ጎትቶ፣ ዳኛን አስጭኖ፣ ሸራውን አጥቦ፣ እኔን «አልቋል እታለም» እስኪለኝ ድረስ ጠበቅሁት። እሱ ግን ወይዘሪትን ቆሞ አያት፤ ወደ በሩ ሄደ፤ ባዶ እጁን ተመለሰና አጠገቤ መሬት ላይ ቁጢጥ አለ።

«ሹፌሩ ምን አለ?»

«“ለቅሶው መቼ ነው የሚያበቃው?” አለኝ። “የሟች ባለቤት አልተነሣችም” አልኩት። ሳቀ። ወንበሩን አጋድሞ ተኝቷል፤ ይጠብቃል።»

ነፋስ ጥዶቹን ያወዛውዛል። ወይዘሪት አንድ ጊዜ ዞራ በጀርባው በኩል አሸተተችውና ተመልሳ ፊቱ ጋ ቆመች።

«ፊቱ እንዴት ነበር?» አልኩ።

ስለ ዳኛ አለመጠየቄን ወዲያው አወቀ። ከመሬት የጥድ ቅጠል አንሥቶ ይከፋፍል ጀመር።

«ደኅና ነበር።»

«ደኅና ማለት?»

«ደኅና ማለት፣ የራሱ ፊት። ጉዳቱ ከኋላ ነው፤ እዚህ» ብሎ ማጅራቱን ነካ። «ከፊት ምንም። ቅንድቡ ላይ አንዲት ጭረት፤ ሲላጭ የሚቆርጠው ዓይነት። የተኛ ነው የሚመስለው። አፉ ትንሽ ተከፍቶ።»

«አፉን ከፍቶ ነው የሚተኛው።»

«እኔም ያንኑ ነው ያየሁት።» ቅጠሉን ጣለው። «አንድ ነገር ልንገርሽ፤ እንዳትቆጪ። ሹራቡን ገልብጦ ነው የለበሰው።»

«የትኛውን?»

«ቡናማውን። የፋብሪካው ምልክት አንገቱ ላይ በውጭ ተንጠልጥሎ።»

ባለቤቴ ማልዶ ሲወጣ እኔን ላለመቀስቀስ መብራት ሳያበራ ነበር የሚለብሰው። ብዙ ቀን ገልብጦ ነበር የሚወጣው። ነቅቼ ካገኘሁት በር ላይ አስቁሜ አስወልቄ አስተካክለው ነበር፤ እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ እንደ ሕፃን ይቆምልኛል። ያን ዕለት አልነቃሁም።

ሳቅሁ። አፌን በእጄ ያዝኩ፤ ሳቁ ግን በጣቶቼ መሐል ወጣ፤ ከዚያ ሌላ ነገር ሆነ። ቶሎቶሎ «ተይ እታለም» አላለኝም። ሐኪሟ ፊቷን ወደ ችግኞቹ አዞረች።

«አስተካክዬ ላልብሰው ወይስ ልተወው ብዬ ቆምኩ» አለ ቶሎቶሎ። «በሕይወቴ ያን ያህል አንድ ቦታ ቆሜ አላውቅም። ተውኩት።»

«ደግ አደረግህ።» አፍንጫዬን ጠረግሁ። «ሳጥኑን ለምን ዘጋኸው ታዲያ?»

«እሱን ማየትማ አየሁት። አንቺ ስታዪው ማየት ነው ያቃተኝ።» ዓይኑ ከወይዘሪት ላይ አልተነሣም። «ቶሎ ካለቀ የሚሻል መሰለኝ። ከዚያ አንቺም አልጠየቅሽኝ፤ ደኅና ሆናለች አልኩ። ደኅና የሆነን ሰው ምን ብዬ ልነካካ?»

«ቶሎ ቶሎ ቤት» አልኩት።

«ግድግዳው ሰንበሌጥ» ብሎ ጨረሰልኝ።

ቂም ልይዝበት ይገባ ይሆናል። ፈልጌ አጣሁት። ያን ሁሉ ጊዜ የሰጠሁት ፊት አንድ በአንድ እየወደቀ፣ በቦታው አፉን የከፈተ፣ ሹራቡን የገለበጠ ሰው ብቻ እየቀረ ነበር። ይህን ሰው አውቀዋለሁ። ሞቷል።

«እየዞረች ነው» አለች ሐኪሟ በቀስታ።

ወይዘሪት ራሷን ከዳኛ ላይ አንሥታ ነበር። መላ ሰውነቷን አራገፈች፤ ከውኃ እንደወጣ እንስሳ። ከዚያ ፊቷን አዙራ ወደ ቤቱ አቅጣጫ መራመድ ጀመረች፤ ወደ ኋላ አላየችም። ሐኪሟ «አትያዟት» አለችን። በሩቅ ተከተልናት። የቀረበላትን ድርቆሽ አልፋ፣ ፉርሽካውን አልፋ፣ ካሮቱን ረግጣ ሄዳ የእማማ ጽጌረዳዎች ጋ ቆመች። አንገቷን በአጥሩ ላይ አሳልፋ ትልቁን ቀይ አበባ ከነቅጠሉ ቀነጠሰች።

ማኘኳን ሰማን። እንደዚያ ደስ የሚል ድምፅ ሰምቼ አላውቅም።

«ጉድ ፈላ» አለ ቶሎቶሎ።

እማማ ዱላዋን ይዛ ብድግ አለች። ወይዘሪት ሳታፍር ሁለተኛውን ቀነጠሰች። እማማ ዱላውን አየችው፤ አህያዋን አየቻት፤ የእኔን ዓይን አየች። ዱላውን ወንበሩ ላይ አጋደመችው።

«ምን ቆማችሁ ታያላችሁ?» አለች። «ከታች በኩል ያሉት እሾኽ ይበዛባቸዋል። ከላይ ያሉትን ቀንጥሱላት።»

ሐኪሟ ሳቋን መያዝ አቃታት። ወይዘሪት ከጽጌረዳው በኋላ ውኃ ጠጣች፤ ከውኃው በኋላ ወደ ድርቆሹ ተመለሰች። ሐኪሟ ሆዷን ደግማ አዳምጣ «ሥራ ጀምሯል» አለች። ክፉ ነገር ካየን ወዲያው እንድንደውልላት፣ ሌላ አህያ እስክናገኝላት ብቻዋን እንዳንተዋት ነግራን ሄደች። ቶሎቶሎ ሹፌሩን ቀስቅሶ ዳኛን አስጫነ። መኪናው ሲወጣ የግቢው በር ሲጢጥ አለ። ቀና አልኩ፤ መኪናው መሆኑን አየሁና ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

እማማን ደግፌ ወደ ክፍሏ ሳስገባት «ጥዶቹ ጋ ስትስቂ ሰማሁሽ» አለችኝ። «ከዚያ ስታለቅሺም ሰማሁሽ። ዕድሜ ለነፋሱ።»

አልጋው ጠርዝ ላይ አስቀመጥኳት። ጫማዋን እያወለቅሁ ነገርኳት፤ ቀና ብዬ መናገር ስላልቻልኩ። «ያን ዕለት ሹራቡን ገልብጦ ነው የለበሰው እማማ። ቡናማውን።»

ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ስትስቅ ነው። «ትምህርት ቤት ሲሄድም እንደዚያው ነበር» አለች። «አስተማሪው “ይህ ልጅ እናት የለውም እንዴ?” ብሎ ልኮብኝ ያውቃል።» ዓይኗን በአንድ እጇ ጠረገች። ጉልበቷ ላይ የነበረው ሌላው እጇ ትከሻዬን ያዘ፤ ጠንካራ እጅ ነው።

«ፊቱስ?» አለችኝ። «ፊቱ ደኅና ነበር ልጄ?»

ለካ እሷም ፊት ስትሥልለት ኖራለች። በአንድ ጣሪያ ሥር፣ ግድግዳ ለይቶን።

«ደኅና ነበር እማማ። የተኛ ይመስል ነበር አሉ። አፉን ትንሽ ከፍቶ።»

«አፉን ከፍቶ» አለች። ራሷን ነቀነቀች፤ እንደገና ነቀነቀች። «እንግዲያውስ ጋደም ልበል።»

ትራሷን አስተካከልኩላት። ብርድ ልብሱን ሳልስብላት እንቅልፍ ወሰዳት። መጋረጃውን ጋርጄ በሩን ቀስ ብዬ ዘጋሁት። ቶሎቶሎ በኮሪደሩ እየሮጠ መጣ፤ እጁ ላይ አሁንም የጽጌረዳ ቅጠል ተጣብቋል።

«እማማ ምን ሆነች? ታመመች እንዴ?»

«ቀስ በል» አልኩት። «ተኝታለች።»

«በቀን?»

«በቀን።»

በሩን አየው፤ ሊከፍተው እጁን አነሣና መለሰው። ከዚያ ጫማውን አውልቆ በእጁ ያዘ፤ ሁለታችንም በእግራችን ጣት እየረገጥን ወጣን። ውጭ ወይዘሪት ድርቆሿን ጨርሳ ወደ አጥሩ ተመልሳ ነበር። የቀረውን ቀዩን አበባ አይታ አንገቷን እየዘረጋች ነው። እኔም ዱላውን ከወንበሩ ላይ አንሥቼ፣ እንዳያዩኝ ዙሪያውን ተመልክቼ፣ የላይኛውን ቅርንጫፍ ጎንበስ አደረግሁላት።